የልምድ ነጥብና የካዛንቺስ ሰዓት

ለመሆኑ ልምድ በቁጥር ይለካል ወይ? አናጢም ሆነ ሐኪም፣ መምህርም ሆነ ሾፌር የሥራ ልምዱን ሲጠየቅ የሚመልሰው በዓመታት ነው። «አሥር ዓመት ሠርቻለሁ» ይላል። በእነዚያ አሥር ዓመታት ውስጥ ምን ያህሉን ጊዜ አዲስ ነገር እንደ ተማረበት፣ ምን ያህሉን ደግሞ የሚያውቀውን ብቻ እየደጋገመ እንዳሳለፈው ግን ቁጥሩ አይነግረንም።

እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተሰኘውን ጨዋታ ለገበያ ሲያቀርቡ ለጥያቄው ቀላል መልስ ሰጡ። ተጫዋቹ የሚወክለው ጀግና ጭራቅ ሲገድል ወይም ወርቅ ሲያገኝ ነጥብ ይቆጠርለታል። ነጥቡ ከተወሰነ መጠን ሲደርስ ጀግናው ወደ ቀጣዩ ደረጃ ያድጋል፤ ጉልበቱም ይጨምራል። ይህ «የልምድ ነጥብ» ከወረቀትና ከእርሳስ ወደ ኮምፒዩተር ለመሻገር ብዙ ዓመት አልፈጀበትም። እ.ኤ.አ. በ1986 በጃፓን የወጣው «ድራጎን ክዌስት»፣ በ1996 የወጣው «ፖኬሞን»፣ በ1997 የወጣው «ፋይናል ፋንታሲ 7» ሁሉም ከዚያው ግንድ የበቀሉ ቅርንጫፎች ናቸው።

ነጥቡን እንዴት በፍጥነት ማጠራቀም ይቻላል? ይህ ጥያቄ በመጀመሪያ እይታ የሕፃናት ጉዳይ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ግን በሥነ ሕይወት፣ በኮምፒዩተር ሳይንስና በሥነ ልቡና የታወቁ ስሌቶችን በአንድ ላይ የያዘ ሆኖ ይገኛል።

ታህቱ ምንድን ነው?

«በፍጥነት» ስንል ስለ ክፍልፋይ እየተናገርን ነው። ላዕሉ የተገኘው ነጥብ ነው። ታህቱስ? አብዛኛው ሰው «ሰዓት» ብሎ ይመልሳል። በካዛንቺስ ግን ታህቱ ብር ነበር።

ከአራት ኪሎ ተነሥቶ በቤተ መንግሥቱ በኩል ቁልቁል ለወረደ ሰው ካዛንቺስ ሩቅ አይደለም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለ ተቋም ነው፤ «ካዛ» በጣሊያንኛ ቤት ማለት ነው። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘውም እዚያው፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ከታላላቆቹ ሕንፃዎችና ሆቴሎች ጀርባ በነበሩት ጠባብ መንደሮች ደግሞ እንደ ሌሎቹ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ሁሉ፣ አንድ ሁለት ቴሌቪዥንና ፕሌይስቴሽን ያስቀመጡ ጌም ቤቶች በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ ዓ.ም. የወጣቱ መዋያ ነበሩ።

በእነዚህ ቤቶች ዋናው ጨዋታ እግር ኳስ ነበር፤ ሒሳቡም በጨዋታ ይቆጠራል፤ የተሸነፈ ይነሣል ወይም ይከፍላል። ለቤቱ ባለቤት ይህ ጥሩ ንግድ ነው፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ይጫወታል፣ ተራ የሚጠብቀውም ብዙ ነው። የጀግኖች ጨዋታ የሚወድ ልጅ ግን ብቻውን ለረጅም ጊዜ ስለሚቀመጥ ሒሳቡ በሰዓት ይሆናል። ለምሳሌ «ፋይናል ፋንታሲ 7»ን ለመጨረስ 40 ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ሰዓቱ በ10 ብር ይታሰብ ብንል 400 ብር መሆኑ ነው፤ ለአንድ ተማሪ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ በሌላ አገር በቤቱ ሶፋ ላይ ተዘርግቶ የሚጫወት ልጅ በግዴለሽነት የሚያልፈውን ስሌት የካዛንቺሱ ልጅ ሳይወድ በግድ ይማረዋል፦ አንድ ብር ስንት ነጥብ ይገዛል?

የደረጃው አቀበት

አስቀድሞ የመንገዱን ርዝመት ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የጋወር ወንድማማቾች በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ያወጡትን «ሩንስኬፕ»ን እንመልከት። ይህ ጨዋታ በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር ላይ መጫን ሳያስፈልገው በኢንተርኔት ብራውዘር ውስጥ ይሠራ ስለነበር፣ የሌላ ሰው ኮምፒዩተር በደቂቃ ለሚከራይ የኢንተርኔት ካፌ ደንበኛ የተመቸ ነበር።

በሩንስኬፕ ከ1ኛ ወደ 2ኛ ደረጃ ለማደግ 83 ነጥብ ይበቃል። 50ኛ ደረጃ ላይ ለመድረስ በድምሩ 101,333 ነጥብ፣ 99ኛ ላይ ለመድረስ ደግሞ 13,034,431 ነጥብ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ደረጃ ከበፊቱ በ10 በመቶ ገደማ ይወደዳል፤ ስለዚህም በየሰባት ደረጃው ዋጋው እጥፍ ይሆናል። 92ኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ተጫዋች «ሰባት ብቻ ቀረኝ» ብሎ ቢደሰት ገና ግማሽ መንገድ ላይ መሆኑን አላወቀም፤ የ92ኛው ደረጃ ድምር 6,517,253 ነውና። ወለድን በትምህርት ቤት የተማረ ሰው ይህን እድገት ወዲያው ይለየዋል፤ ኤክስፖኔንሻል የሚባለው ነው።

ፖኬሞን የተለየ መንገድ ይከተላል። ፒካቹን ጨምሮ የብዙዎቹ ፍጡራን ድምር ነጥብ የደረጃው ቁጥር ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ለ50ኛ ደረጃ 125,000፣ ለ100ኛ ደረጃ 1,000,000 ይሆናል። ልዩነቱ በመጨረሻው እርምጃ ላይ ጎልቶ ይታያል። ከ99ኛ ወደ 100ኛ ለመድረስ ፖኬሞን የሚጠይቀው 29,701 ነጥብ፣ ማለትም የጠቅላላውን 3 በመቶ ብቻ ነው። ሩንስኬፕ ግን ከ98ኛ ወደ 99ኛ 1,228,825 ነጥብ ይጠይቃል፤ ይህም ከ9 በመቶ በላይ ነው። በከፈሉት ሰዓት ደረጃውን ለመጨረስ የሚያስብ ተጫዋች ሠንጠረዡን ሳያይ ቢጀምር፣ የመጨረሻዋ ደረጃ ከመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ሁሉ በላይ እንደምታስከፍለው የሚገነዘበው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው።

ትንሹ ጭራቅ ወይስ ትልቁ?

ጀማሪ ሁሉ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ትልቁ ጭራቅ ብዙ ነጥብ ስለሚሰጥ ወደ ትልቁ ይሮጣል።

የእንስሳትን አመጋገብ የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች ይህን ጥያቄ ቀደም ብለው አንሥተውታል። ሆሊንግ የተባለው የሥነ ምህዳር ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ሥራ አዳኝ እንስሳ ጊዜውን በሁለት እንደሚከፍለው አሳየ፤ ታዳኙን በመፈለግና ያገኘውን በመያዝና በመብላት። ትርፉ የሚለካው በምግቡ መጠን ብቻ ሳይሆን ለሁለቱም በጠፋው ጊዜ ነው። በጨዋታው ውስጥ ሦስተኛ ጊዜ ይጨመራል፤ ቁስል እስኪድን መጠበቅ።

በአሃዝ እንየው። ትንሹ ጭራቅ 20 ነጥብ ይሰጣል እንበል፤ ለማግኘት 10 ሰከንድ፣ ለመግደል 10 ሰከንድ ይወስዳል፤ ቁስል የለም። በሰከንድ አንድ ነጥብ፣ በሰዓት 3,600 ነጥብ ነው። ትልቁ 300 ነጥብ ይሰጣል፤ ለማግኘት 60፣ ለመግደል 120፣ ለማገገም 60፣ በድምሩ 240 ሰከንድ ይፈጃል። በሰዓት 4,500 ነጥብ ነው። ስለዚህ ትልቁ ያሸንፋል ማለት ነው?

ሞት ከተጨመረ አያሸንፍም። ከአምስት ውጊያ በአንዱ ጀግናው ይሞታል፣ ሲሞትም ወደ ቦታው ለመመለስ 6 ደቂቃ ይፈጅበታል እንበል። በዚህ ጊዜ በአማካይ ከአንድ ውጊያ የሚገኘው 240 ነጥብ፣ የሚጠፋው ጊዜ ደግሞ 300 ሰከንድ ይሆናል። በሰዓት 2,880 ነጥብ ነው፤ ከተናቀው ከትንሹ ጭራቅ ያነሰ! ስሌቱን ገልብጦ የሠራ አንባቢ እንደሚያገኘው፣ በእነዚህ ቁጥሮች ትልቁ የሚያዋጣው ከአሥር ውጊያ በአንዱ ወይም ከዚያ ባነሰ ብቻ የሚሞቱ ከሆነ ነው። ይህ የሰዓቱ ኪሳራ ብቻ ነው፤ በብዙ ጨዋታዎች ሞት ያልተቀመጠውን ነጥብም ይዞ ይሄዳል።

የ«ድራጎን ክዌስት» አዘጋጆች በዚህ ስሌት ላይ ቀልደዋል። «ሜታል ስላይም» የምትባለው ትንሽ ፍጡር እጅግ ብዙ ነጥብ ትሰጣለች፤ ነገር ግን ገና ውጊያው ሳይጀመር የመሸሽ ልማድ አላት። ከአራት ሦስቱ ቢያመልጡ ዋጋዋ የተጻፈላት ነጥብ ሩብ ነው። ተጫዋቾች ግን በልባቸው የሚያስቡት ሙሉውን ነው፤ የሎተሪ ቲኬት ገዢም እንደዚሁ።

መቼ ቦታ መቀየር?

ጀግናው እያደገ ሲሄድ አሮጌው ጫካ ትርፉ ይቀንሳል፤ ብዙ ጨዋታዎች ከጀግናው ደረጃ በታች ለሆነ ጭራቅ የሚሰጡትን ነጥብ ይቀንሳሉና። አዲሱ ቦታ ለመድረስ ግን ጉዞ አለ፤ ጉዞ ደግሞ ነጥብ የለውም።

ይህ የንብ ችግር ነው። ንብ በአንድ አበባ ላይ በቆየች መጠን ማሩ እየመነመነ ይሄዳል፤ ወደሚቀጥለው ለመብረር ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። ኤሪክ ቻርኖቭ እ.ኤ.አ. በ1976 ያቀረበው ቲዎረም መልሱን ይሰጣል፦ አሁን ካለህበት የምታገኘው የደቂቃ ትርፍ፣ ጉዞው ጭምር ታስቦ ከጠቅላላው ሥራህ ከምታገኘው አማካይ ትርፍ ጋር እኩል ሲሆን ተነሥ። ከዚህ የሚከተለውን ልብ ይሏል፤ ጉዞው በረዘመ ቁጥር በአንድ ቦታ ረዘም አድርጎ መቆየት ያዋጣል። በየአምስት ደቂቃው ካርታ የሚቀያይር ተጫዋችም፣ ከተሟጠጠ ጫካ የማይነቃነቅ ተጫዋችም እኩል ይከስራሉ።

መብራት ሲጠፋ

እስካሁን ያየነው ለቶኪዮም ለካዛንቺስም ይሠራል። ቀጥሎ ያለው ግን ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል።

የፕሌይስቴሽን ተጫዋች ያጠራቀመው ነጥብ የሚተርፍለት ሚሞሪ ካርድ ላይ ሲያስቀምጠው፣ ተጫዋቾች እንደሚሉት «ሴቭ ሲያደርገው» ነው። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ካርድ 15 ክፍል ብቻ ነበረው። በጌም ቤት ካርዱ የጋራ ስለሆነ አንዱ የሌላውን ጀግና ደምስሶ የራሱን ቡድን ያስቀምጥበታል፤ የሠፈር ጠብ የሚነሣውም ከዚህ ነው። የራሱን ካርድ በኪሱ ይዞ የሚመጣ ልጅ የተከበረ ነበር። ካርድ ያለውም ቢሆን መብራት ከጠፋ፣ ከመጨረሻው ሴቭ ወዲህ ያለውን ሁሉ ያጣል። የከፈለው ብር አይመለስም።

ታዲያ በየስንት ደቂቃው ሴቭ ይደረግ? በብዙዎቹ የጀግኖች ጨዋታዎች ሴቭ የሚደረገው በተወሰነ ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ ሄዶ ለመመለስ 3 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ቶሎ ቶሎ ከሄዱ ጊዜው በመመላለስ ያልቃል፤ ከዘገዩ መብራቱ ይቀድማል።

ጆን ያንግ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974፣ ማለትም «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በወጣበት በዚያው ዓመት፣ ይህንኑ ችግር ለትላልቅ ኮምፒዩተሮች ፈትቶታል። ለቀናት የሚሠራ ስሌት ማሽኑ ቢበላሽ ከመጀመሪያው እንዳይጀመር በየመካከሉ መቀመጥ አለበት። የያንግ ቀመር እንዲህ ይላል፦ ለማስቀመጥ የሚፈጀውን ጊዜ በ2 አባዛ፤ ውጤቱን በሁለት ብልሽቶች መካከል ባለው አማካይ ጊዜ አባዛ፤ ከዚያም ስኩዌር ሩቱን ውሰድ። መብራት በአማካይ በየ6 ሰዓቱ፣ ማለትም በየ360 ደቂቃው የሚጠፋ ከሆነ፣ 2 ጊዜ 3 ጊዜ 360 እኩል ይሆናል 2,160፤ ስኩዌር ሩቱ 46 ደቂቃ ተኩል ያህል ነው።

ቀመሩ ከየት መጣ? ሁለት ኪሳራዎች አሉ። አንደኛው የመመላለስ ኪሳራ ነው፤ ከየ46 ደቂቃ ተኩሉ 3 ደቂቃ፣ ማለትም 6.5 በመቶ ገደማ። ሁለተኛው የመብራት ኪሳራ ነው፤ መብራቱ በዘፈቀደ ስለሚጠፋ በአማካይ የሚጠፋው የሴቩ ልዩነት ግማሽ፣ ማለትም ከየ360 ደቂቃው 23 ደቂቃ ያህል ነው፤ ይህም 6.5 በመቶ ገደማ። ሁለቱ እኩል በሆኑበት ቦታ ድምራቸው ከሁሉ ያነሰ ይሆናል። ፈሪው ተጫዋች በየ10 ደቂቃው ሴቭ ቢያደርግ 31 በመቶ ጊዜውን ያጣል። ደፋሩ በየ3 ሰዓቱ ቢያደርግ ወደ 27 በመቶ ያጣል። ቀመሩን የተከተለው የሚያጣው 13 በመቶ ብቻ ነው፤ ከ10 ብሩ ላይ 1 ብር ከ30 ሳንቲም። ከዚህ በታች መውረድ ግን አይቻልም፤ የመብራቱ ግብር ነውና።

ስኩዌር ሩት በመኖሩ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይከተላል። መብራት አራት እጥፍ ቶሎ ቶሎ መጥፋት ቢጀምር፣ ሴቭ ማድረግ የሚያስፈልገው ሁለት እጥፍ ቶሎ ብቻ ነው። መብራቱ በፕሮግራም ሲጠፋ ደግሞ ቀመሩ ጭራሽ አያስፈልግም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ በመቀነሱ ኤሌክትሪክ በፈረቃ ሲታደል፣ ፈረቃው በትክክል ከተጠበቀ ከሰዓቱ አምስት ደቂቃ አስቀድሞ ሴቭ ማድረግ ይበቃል። ተጫዋቹን የሚያከስረው የጨለማው ርዝመት ሳይሆን የሚመጣበት ሰዓት አለመታወቁ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በኮምፒዩተር ላይ ለሚጽፉ አንባቢዎቻችንም ቀመሩ ያገለግላል። ጽሑፍን ለማስቀመጥ 1 ሰከንድ ቢፈጅና መብራት በአማካይ በየ6 ሰዓቱ ቢጠፋ፣ ተገቢው ልዩነት 3 ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። አንድ ምዕራፍ ሙሉ ጽፎ ሳያስቀምጥ ሻይ ሊጠጣ የሚወጣ ተማሪ ከካዛንቺሱ ልጅ ምክር ቢጠይቅ አያፍርም።

የአዘጋጆቹ ልጓም

ተጫዋቾች ስሌቱን ሲያውቁ አዘጋጆችም ልጓም ያበጃሉ። በጌም ቤቶቻችን በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. የ2004ቱ «ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ» የጀግኖች ጨዋታ ባይባልም ጡንቻ፣ የመንዳት ችሎታና የመተኮስ ችሎታ በልምምድ እንዲያድጉ ያደርጋል። ይሁንና ሲጄ በጂም ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ከሠራ በኋላ «ለዛሬ ይበቃሃል» ይባላል። ዕረፍት ራሱ የእድገቱ አካል መሆኑን የሚያውቅ ስፖርተኛ በዚህ አይገረምም።

በዚያው ዓመት የወጣው «ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» ገና በሙከራ ላይ ሳለ ለረጅም ጊዜ የሚጫወት ሰው ነጥቡ በግማሽ ይቀነስበት ነበር። ተጫዋቾች አጥብቀው ተቃወሙ። አዘጋጆቹ ቁጥሩን እንዳለ ትተው ስሙን ብቻ ቀየሩት፤ የተቀነሰውን «መደበኛ»፣ ሙሉውን «ላረፈ ሰው የሚሰጥ እጥፍ» አሉት። ተቃውሞው ቆመ። በሰው አእምሮ ዘንድ ያጡትና ያላገኙት አንድ አለመሆናቸውን የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። የቻይና መንግሥት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ ላይ ባዋለው ደንብ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ተጫዋቾች ከሦስት ሰዓት በኋላ ግማሽ ነጥብ፣ ከአምስት ሰዓት በኋላ ምንም እንዳያገኙ አዘዘ። በ2021 ደግሞ ይህን ትቶ በሳምንት ሦስት ሰዓት ብቻ እንዲጫወቱ ወሰነ።

ሁለት መዝገቦች

ነጥቡ የማን ልምድ ነው? ጀግናው አንዱን ደካማ ጭራቅ 500 ጊዜ ቢገድል፣ ደረጃው እስካላለፈ ድረስ 500ኛው እንደ መጀመሪያው ይቆጠርለታል። ተጫዋቹ ግን ከጥቂት አሥሮች በኋላ የሚማረው የለም። ኒዌልና ሮዘንብሉም እ.ኤ.አ. በ1981 ባቀረቡት ጥናት እንደታየው፣ ሰው አንድን ሥራ ሲደጋግም ፍጥነቱ መጀመሪያ ላይ በብዙ፣ ኋላ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ይሻሻላል። ማለትም በአንድ ወንበር ላይ ሁለት መዝገቦች ተከፍተዋል፤ አንዱ ሲሞላ ሌላው ቆሟል። ወላጆች በጌም ቤት ላይ የሚያነሡት ቅሬታ መሠረቱ ይህ ይመስለኛል፤ ልጁ «ሠላሳ ደረጃ አደግኩ» ሲል እነርሱ የሚያዩት የቆመውን መዝገብ ነው። በእኔ ግምት ሁለቱን ለማቀራረብ ያለው መንገድ አልፎ አልፎ የሚሞቱበትን ጭራቅ መምረጥ ነው። ከላይ የተሠራው ስሌት ከአሥር አንድ ሞት ድረስ ያዋጣል ማለቱን ያስታውሷል።

ሴቭ የማያስፈልገው ጨዋታ

በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ሥራ በርካታ የካዛንቺስ መንደሮች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛውረዋል። በመንደሮቹ ውስጥ የነበሩት ጌም ቤቶችም አብረው ሄደዋል። ጨዋታው አስቀድሞ ወደ ስልክ እየገባ ነበር። የዛሬው ጀግና መዝገብ ያለው በሚሞሪ ካርድ ላይ ሳይሆን በሩቅ አገር ሰርቨር ላይ ስለሆነ፣ መብራት ቢጠፋም ሰፈር ቢቀየርም አይደመሰስም። በያንግ ቀመር ውስጥ ለማስቀመጥ የሚፈጀው ጊዜ ዜሮ ሆኗል።

ታህቱ ግን አልጠፋም፤ ከሰዓት ኪራይ ወደ ኢንተርኔት ጥቅል ተለወጠ እንጂ። ርቀትም ተጨመረበት። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ለንደን በቀጥታ 5,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አንድ ትእዛዝ ደርሶ ለመመለስ ቢያንስ 60 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያስፈልገዋል። መስመሩ በጅቡቲና በባሕር ሥር ዞሮ ስለሚሄድ ደግሞ ከዚያ በላይ ይሆናል። ይህን የትኛውም ኩባንያ ሊያሻሽለው አይችልም፤ የፊዚክስ ሕግ ነው። ሩንስኬፕ ግን ዓለሙን የሚያንቀሳቅሰው በየ0.6 ሰከንዱ፣ ማለትም በየ600 ሚሊ ሰከንዱ ነው። መልእክቱ 200 ሚሊ ሰከንድ ቢፈጅበት እንኳ ከሚቀጥለው ምት በፊት ይደርሳል፤ የአዲስ አበባውም የለንደኑም ተጫዋች በሰዓት የሚያገኙት ነጥብ ይቀራረባል። በፍጥነት በሚተኮስበት ጨዋታ ግን በዚያችው 200 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ባላጋራው ጥይቱን ለቆ ከግድግዳው ጀርባ ተመልሷል።